አገልግል ሄዶ ይመለሳል

ሽርሽር ሲባል የብዙው ሰው ሐሳብ ከፈረንጅ ወደ ተቀዳ የሰንበት መዝናኛ ይሄዳል። መኪና፣ ምንጣፍ፣ የታሸገ ውሃ፣ ኳስ፣ በመጨረሻም ፎቶግራፍ። አባቶቻችን ወደ ሜዳ የሚወጡት ለእርሻ፣ ለከብት ጥበቃ፣ ለዘመቻ ወይም ለንግሥ እንጂ ከልጆቻቸው ጋር ለመጫወት አልነበረም የሚለው አስተያየትም ከዚሁ የመነጨ ይመስላል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ግን ቤተሰብ ስንቁን ቋጥሮ፣ ልጆቹን አስከትሎ፣ ከደጁ ርቆ በሣር ላይ አብሮ የሚበላበት ልማድ በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው። የተለወጠው ስሙና ዕቃው ነው። ይህች ጽሑፍ በተለይ የዕቃውን ፈለግ ትከተላለች። ምግቡ በምን ተይዞ ሄደ? ዕቃውስ ከተበላ በኋላ ወዴት ገባ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዞ የተነሣ ሰው የሽርሽራችንን ታሪክ ከሞላ ጎደል ሊያነበው ይችላል።

በቡሄ እንጀምር። ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል ከሃይማኖታዊ ትርጉሙ ጋር አንድ የእረኞች ትውፊት ይዟል። በታቦር ተራራ ብርሃን በተገለጠ ጊዜ በዙሪያው ከብት የሚጠብቁ ልጆች የመሸ ስላልመሰላቸው በሜዳው ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ይባላል። ችቦውም ሙልሙሉም የዚያ መታሰቢያ ነው። ትውፊቱን እንደ ትውፊትነቱ ብንቀበለው እንኳ፣ ወላጅ ምግብ ይዞ ልጁ ወዳለበት ሜዳ መውጣቱን በዓል አድርጎ የሚያስብ ሕዝብ ሽርሽርን ከሌላ ተማረ ማለት ያስቸግራል። ሙልሙሉንም እናስተውለው። በእጅ ይያዛል፤ ሳህን አይጠይቅም፤ ፍርፋሪውን ወፍ ትለቅመዋለች። ተበልቶ ሲያልቅ ሜዳው ላይ ምንም አይቀርም።

መስከረም ሲጠባ ልጃገረዶች እንግጫ ሊነቅሉ፣ አደይ አበባ ሊቀጥፉ ወደ መስክ ይወርዳሉ። በጥር፣ በከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ ምእመኑ ስንቁን ይዞ በውሃው ዳር ያድራል። ወደ ጠበል የሚሄድም ቤተሰብ እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ «እንዝናና» ተብለው የተጀመሩ አይደሉም፤ ነገር ግን በእናቱ ጉያ ሥር ሆኖ ሣር ላይ የበላ ልጅ የዕለቱን ጣዕም ከቤቱ ማዕድ ለይቶ ያስታውሰዋል።

ለዚህ ሁሉ ጉዞ የተሠራው ዕቃ አገልግል ነው። እንደ ሞሰብ ከሣር ይሰፋል፤ ውጩ በቆዳ ይለበጣል፤ ክዳኑ በጠፍር ይጠበቃል፤ በማንገቻው ተይዞ በትከሻ ወይም በበቅሎ ይሄዳል። ውስጡ እንጀራ ይነጠፍና መረቁ መጠጥ ያለ ወጥ ይደረግበታል። እንጀራው ሳህንም፣ ማንኪያም፣ ምግብም ነው። መንገዱ ረጅም ከሆነ ጭኮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይከተላሉ። ውሃው በቅል፣ መጠጡ በቀንድ ዋንጫ። ዳቦ የሚጋገረውም የሚሸፈነውም በኮባ ቅጠል ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሜዳው ላይ የሚቀር ቢኖር የኮባው ቅጠልና ምናልባት አንድ አጥንት ነው። ቅጠሉን ምድር ትበላዋለች፤ አጥንቱን ጅብ አያሳድረውም። አገልግሉ፣ ቅሉና ዋንጫው ግን እንደ ሄዱ ይመለሳሉ።

ለምን ይመለሳሉ? አበው ተፈጥሮን ስለሚንከባከቡ ነው ብሎ መመለስ ይቀላል። እውነቱ ከዚያ ይልቅ የቤት ነው። አገልግል በአንድ ጀንበር አይሰፋም። ሣሩ በወቅቱ ይለቀማል፣ ይቀለማል፤ ስፌቱ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ቆዳው የፋቂ ሙያ ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሜዳ ላይ ጥሎ የሚመለስ ሰው ቢኖር የሚጠብቀው ወቀሳ ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ጥንቃቄው ለሜዳው ሳይሆን ለዕቃው ነበር። ሜዳው በዚያው ተጠቀመ እንጂ። ይህችን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስባታለንና አንባቢ ይያዝልኝ።

ነገሩ እንዲህ መሆኑን የሚያሳየን የዚሁ ታሪክ ሌላ ገጽ አለና። ለዕቃው ይጠነቀቅ የነበረው ያው ማኅበረሰብ ለዛፉ አልተጠነቀቀም። ለብዙ ዘመናት የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣውና እስከ 1526 የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዓፄ ልብነ ድንግል ዘመን ያየውን ተንቀሳቃሽ ሰፈር ጽፎ አቆይቶልናል። በሺሕ የሚቆጠር ሰውና ከብት አንድ ቦታ ይሰፍራል፤ ይበላል፤ ያነዳል። ማገዶውና ቀለቡ ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ሌላ ቦታ ይተከላል። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስትም ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች በጻፏቸው ሥራዎች ይህን የሚዞር መናገሻ ጉዳይ በስፋት መርምረውታል። ዛፉ የማንም እጅ ሥራ አልነበረም፤ ቆርጦ መሄድም ወቀሳ አላመጣም። አገልግሉን በጥንቃቄ ይዞ የሚመለሰው ሰው ከኋላው የተመነጠረ ጋራ ትቶ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

የዚህ ልማድ የመጨረሻው ምዕራፍ አዲስ አበባ ናት። አዲስ አበባ የሽርሽር ልጅ ናት ብንል እምብዛም አናጋንንም። ቤተ መንግሥቱ በብርዳማው እንጦጦ ላይ ሳለ ንጉሡና እቴጌይቱ ከመኳንንቱ ጋር ወደ ፍልውሃ እየወረዱ፣ ድንኳን እያስተከሉ ይታጠቡ፣ ያርፉም ነበር። እቴጌ ጣይቱ የቦታው ልምላሜና ሙቀት ማርኳቸው በዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ በ1879 ዓ.ም. ለቦታው የሰጡትም ስም እስከ ዛሬ አለ። ለዕረፍት የተተከለ ድንኳን ከተማ ሆኖ ቀረ።

ከተማዋ ግን የድንኳን ሰፈሩን ጠባይ ይዛ ነበር የተወለደችው። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ተጨፍጭፎ ማገዶ ከሩቅ የሚመጣ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክም እንደ ጥንቱ ልማድ ጓዛቸውን አንሥተው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አሰቡ፤ በ1893 ዓ.ም. ገደማም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ መናገሻው ሳይነቀል ቀረ። ትልልቅ የድንጋይ ቤቶች ቆመዋል፤ መንገድ ወጥቷል፤ ከሁሉም በላይ በ1880ዎቹ ማለቂያ ላይ የገባው፣ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ «ባሕር ዛፍ» የተባለው ተክል በፍጥነት እያደገ የማገዶውን ችግር ማቃለል ያዘ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ወዲህ «ሲያልቅ እንሄዳለን» የሚለው ሐሳብ አበቃለት። የምንሄድበት ሌላ ሜዳ የለም፤ የዛሬው ሽርሽረኛ የሚያበላሸው መስክ በሚቀጥለው እሑድ ተመልሶ የሚሄድበት ያው መስክ ነው።

በሌላ በኩል ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ተቃራኒውን ይመሰክራል። በትውፊት እንደሚነገረው ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት፣ በዘመናቸው የተመናመነውን ተራራ አይተው የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉበት፤ ደኑም ቆይቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጥበቃ ተደረገለት። ዛሬ አንድ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በሱባ ጽዶች ሥር ሲሄድ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል፣ ዕድል ከቀናውም የምኒልክ ድኩላ ሲያቋርጥ ሊያይ ይችላል። ከዚያ ጥላ ሥር ያረፈ ሁሉ እሱ ያልተከለውን ይበላል። ለልጅ ለመንገር ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት የት ይገኛል?

ወደ ዕቃው እንመለስ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ መኪናም እየበዛ ሲመጣ፣ የከተማው ሰው ሽርሽር ራቅ አለ። ቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ሶደሬ ፍልውሃ፣ ላንጋኖ። ከአገልግሉ ጎን አዳዲስ ዕቃዎች ተሰለፉ፤ ተነባባሪ ምሳ ዕቃ፣ ቴርሞስ፣ ኮዳ፣ የለስላሳ ጠርሙስ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ እየታሸገ የሚሸጠው የአምቦ ውሃ እንኳ በብርጭቆ ጠርሙስ ነበር። እነዚህ ከውጭ የመጡ ቢሆኑም የአገልግልን ሕግ አላፈረሱም። ምሳ ዕቃው ነገ ለትምህርት ቤት ይፈለጋል። ጠርሙሱ ደግሞ መያዣ ተከፍሎበታል፤ ባዶውን ያልመለሰ ሙሉውን አያገኝም። ልጆችም ጠርሙስ ሲሰባሰብ የመሯሯጥ ልማድ ነበራቸው፤ አንዱ ቢጎድል ገንዘብ ነውና። ዕቃው ተራክሷል፤ ግን ገና ዋጋ አላጣም።

ዋጋ ያጣው በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ጊዜ ነው። በ1990ዎቹ የታሸገ ውሃ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ የአንድ ውሃ ስም የነበረው «ሃይላንድ» የማንኛውም ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት የኋላ ቀርነት ምልክት መስሎ ታየ፤ ፌስታሉ በነፃ ይሰጣልና። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ቀሊልና ንጹሕ ነው ብለን የተቀበልነው ዕቃ የሚመለሰውን ዕቃ ከእጃችን አስጣለን። ለፌስታል የሚገሠጽ ልጅ የለም፤ የጠፋ ፌስታል የሚፈልግ እናትም የለችም። ቀደም ሲል ያዝልኝ ያልኳት ነጥብ እዚህ ላይ ትመጣለች። ጥንቃቄያችን ከጥንትም ለዕቃው ስለ ነበር፣ ዕቃው ሲረክስ ሜዳውም አብሮ ረከሰ።

መንግሥት ዝም አላለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። ስሱ ፌስታል ግን በየሱቁ መሰጠቱን ቀጠለ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዲስ ሕግ አጽድቋል። ሕጉ ሱቁን ሊያርም ይችላል። እሑድ ከሰዓት በኋላ በጽድ ሥር የተቀመጠውን ቤተሰብ ግን ማንም ተቆጣጣሪ አይደርስበትም፤ እዚያ ሕጉ አባትና እናት ናቸው።

«አንድ ፌስታል ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። መጀመሪያ የሚያውቀው ከብቱ ነው። ሜዳ ላይ የተተወ፣ የምግብ ሽታ ያለበት ፌስታል በላም ሆድ ገብቶ ይቀራል፤ አይፈጭም፣ አይወጣም። የታረደ ከብት ጨጓራ ሲከፈት የተጠቀለለ ፕላስቲክ ማግኘት ለሥጋ ሻጮቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ቀጥሎ ወንዙ ነው፤ የእንጦጦ ጅረቶች የያዙትን ሁሉ ወደ ከተማው ይዘው ይወርዳሉ።

ተሰብስቦ የተጣለውም ቢሆን አንድ ቦታ ይሄዳል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የተከመረው ረጲ አካባቢ፣ ሕዝቡ «ቆሼ» በሚለው ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ያ ተራራ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጣቸው። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው ሴቶችና ሕፃናት ብዙ ነበሩ። አገር የሐዘን ቀን አወጀ። ያን ክምር የሠራው አንድ ሰው ወይም አንድ ሰፈር አይደለም፤ ሁላችንም በየቀኑ «ጣልነው» ያልነው ነገር ነው። «መጣል» የሚለው ቃላችን ራሱ ያታልላል፤ የተጣለ ነገር አይጠፋም፤ ሌላ ሰው ደጅ ይሄዳል እንጂ። የሌላ ሰው ልጅም እዚያ ደጅ ትጫወታለች።

እንግዲህ ከልጆቹ ጋር ሽርሽር የሚያስብ ወላጅ ከዚህ ታሪክ ምን ይዞ ይነሣ? ዋናው ነገር ዕቃው ዋጋ እንዲኖረው ማድረግ ነው። አገልግል ያለው አገልግሉን ከግድግዳው ያውርደው። ዛሬ አገልግል ይበልጡን የሚታየው በባህል ምግብ ቤቶች፣ በአገር ውስጥም በባሕር ማዶም፣ ለጌጥ ተሰቅሎ ነው። የሌለው ደግሞ የልጆቹ ምሳ ዕቃ አለለት። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ምሳ ዕቃ፣ የራሱ ኩባያ ይሰጠው። ከቤት ሲወጣ ከልጆቹ አንዱ የዕቃ ቆጣሪ ይሁን፤ «ስንት ይዘን ወጣን?» ይባል፤ ሲመለሱም ያው ልጅ ይቁጠር። ክዳኑን ትምህርት ቤት ጥሎ መጥቶ የተቆጣ ልጅ ይህን ሕግ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ እኛ የምንጨምርለት ሕጉ በሜዳም እንደሚሠራ ብቻ ነው።

ስንቁም ከጥንቱ ብዙ አይርቅም። ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ድንች፣ ወጡ ጠፈፍ ያለ እንጀራ፣ ሙዝና ብርቱካን። ከሱቅ በየከረጢቱ ከታሸገው ይልቅ በቤት የተዘጋጀው ለልጆች ሆድም ለሜዳውም ይሻላል። ውሃው በቤት ፈልቶ ወይም ተጣርቶ በአንድ ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ቢያዝ አሥር ሃይላንድ ያስቀራል። ልጣጩስ? «ይበሰብሳል» ብለን እንዳንተወው። ጥንት አንድ ቤተሰብ የተወውን ወፍ ይለቅመው ነበር፤ ዛሬ በአንድ እሑድ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ሜዳ ላይ ይሰፍራል። ደግሞም ጦጣ የሰው ምግብ ከለመደች ከልጅ እጅ መንጠቅ ትጀምራለች። ልጣጩ በባዶው ምሳ ዕቃ ተመልሶ ለጓሮ አትክልት ይሁን፤ ሕፃን ያለውም ዳይፐሩን አጥብቆ ጠቅልሎ ይመልስ፤ ከቁጥቋጦ ሥር የተደበቀ ዳይፐር ከዓይን ይሰወራል እንጂ የትም አይሄድም።

ስለ ቡናው አንድ ቃል። ሽርሽር ያለ ቡና አይሞላም ለሚል ሰው ቴርሞስ አለለት። በበጋ፣ ከኅዳር ጀምሮ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ፣ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ደርቆ በዘይቱ ምክንያት ፈጥኖ ይቀጣጠላል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው እሳት ምን ያህል ሰው ተረባርቦ እንደ ጠፋ የሚያስታውስ፣ በደን ውስጥ የከሰል ምድጃ አያቀጣጥልም።

ከልጆች ጋር መሄድ ማለት ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ቅርብ ቦታ ይመረጥ፤ በእግር ወይም በአውቶቡስ የሚደረስበት ቢሆን ደግ ነው። በጠዋት ተወጥቶ ፀሐይ ሳትበረታ ይደረስ፤ ክረምት ከሆነ ከወንዝ ዳር ይራቅ፤ ላይ የዘነበ ዝናብ ታች ሳይታሰብ ይደርሳልና። ልጆች ጽድን ከዝግባ፣ ወይራን ከኮሶ እንዲለዩ በቅጠሉ ጨዋታ ይደረግ። አደይ አበባ ሲቀጥፉ እቅፍ ሙሉ ሳይሆን ለአንድ ብርጭቆ የሚበቃ ይቅጠፉ፤ የከርሞው አበባ ከዘንድሮው ዘር ነው። በእንጦጦ መንገድ ላይ ከባድ ሸክም ማገዶ አዝላ የምትወርድ እናት ብትገጥማቸው መንገድ ይልቀቁላት፤ «እንደምን ዋሉ» ይበሏት። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቶ ብዙ ጎብኚ ከመሳቡ በፊትም ያ ደን የብዙ ሰው እንጀራ ነበር። ለአንዱ መዝናኛ የሆነው ቦታ ለሌላው ሥራ መሆኑን ማወቅ የሽርሽር ትልቁ ትምህርት ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ያስቀራል። የሚጠይቀው ከዋዜማው ግማሽ ሰዓት ማሰብና ልጆችን በዝግጅቱ ማስገባት ነው። አባቶቻችን ዕቃቸውን መልሰው ደኑን ፈጁ፤ እኛ ባለ ደን ሆነን ለመቆየት ብዙ ችግኝ ስንተክል ዕቃውን እየጣልን ነው። የሚቀጥለው ትውልድ ሁለቱንም አንድ ላይ እንዲይዝ የሚማረው ከስብከት ሳይሆን፣ በምሽት ደጃፍ ላይ ቆሞ «ሰባት ወጥተን ነበር፤ ሰባት ተመልሰናል» ብሎ ከመቁጠር ነው። በሚመጣው እሑድ ወደ ሜዳ የሚወጣ ቤተሰብ ካለ፣ ቆጠራውን ከዚያው ይጀምር።